የሐጂ ረዲ አሻራ

«ባልሽ ተቀጣሪዬ እንጂ ሸሪኬ አልነበረም» ብሎ ሐጂ ረዲ ከሱቁ ሲያባርራት፣ ባሏ ሙደሲር የሞተባት ዙህራ እግሩ ላይ አልወደቀችም፤ ከሰሰችው።

ዛሬ በዳኛው ትእዛዝ፣ ለረዲና ለሙደሲር አቡጀዲ ጨርቅ በዱቤ ይሰጣቸው የነበረው የሰባተኛ ሰፈሩ ጅምላ ነጋዴ ባህረዲን የሒሳብ መዝገቡን ታቅፎ መጣ። የደንበኛ ገበና ማውጣት ሞቱ ነውና ለዳኛው የሰጠው እያመነታ ነው።

ዳኛው፣ ረዲ ወደ መካ ከመሄዱ በፊት በዚያ መዝገብ ላይ ያስጻፈውን አነበቡ፤ «ለሐጅ ስነሳ የሰው ሐቅ ይዤ አልሄድም። ብሞት የሱቁ እኩሌታ የሸሪኬ የሙደሲር ነው።» ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«ሐጂ፣ የእርስዎ ነው?»

«አላውቀውም!»

«እንግዲያው መካንም አያውቋትም!» ብላ ጮኸች ዙህራ።

ዳኛው የአሻራ ማንሻውን የቀለም ሙዳይ ወደ ረዲ ገፉት።

«አቶ ረዲ፣» አሉ ሐጂነቱን ትተው፣ «አውራ ጣትዎን።»