በፓስተሩ ስም

«ደህና ነኝ ብለህ ጻፍልኝ፣ ጋሼ።»

«ደህና ነሽ ወይ?»

«የት አባቴ! አንተ ግን ጻፍ።»

ዮሳቤጥ ይህን የሰማችው ልጅ ሳለች ነው፤ ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አባቷ ለስደተኛው ሁሉ ደብዳቤ በሚጽፍባት ጠባብ ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ። ሴትየዋ ማን እንደነበረች አታውቅም። አባቷ ይጻፍላት አይጻፍላት እንኳ ከአእምሮዋ ጠፍቷል። ዛሬ ረፋዱ ላይ ግን ጋሽ አያሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሻሹ በሯ ላይ ቆመው ስታይ፣ ያ ወሬ ሳትጠራው መጣባት።

«ይግቡ እንጂ ጋሽ አያሌው፤ በር ላይ ምን ያቆምዎታል?»

«የያዝኩት ነገር ነው አላስገባ ያለኝ።»

ገብተውም ከወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ወጣትነታቸውን በፖለቲካ፣ ጉልምስናቸውን ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ባለ ጋራዥ የጨረሱ ሰው ናቸው። አሁን የሰፈሩ አበሻ የእድር ዳኛ እሳቸው ናቸው።

«የዘርፈሽ ልጅ አርፏል» አሉ።

ዘርፈሽ ጎረቤቷ ናት። ክሊኒክ እያጸዳች ያሳደገችው አንድ ልጇ፣ ሳምሶን፣ በብርዱ ወራት ወደ ሊቢያ ከወጣ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

«ማን አለ?» አለች ዮሳቤጥ።

«ኑርሁሴን የሚባል አብሮት የወጣ ልጅ ትናንት ተመልሶ መጣ። መኪናቸው በረሃው ላይ ተገልብጦ ነው። በገዛ እጁ ቀብሮታል። ሸበካው፣ ኢንተርኔቱ ባይዘጋ ከዚያው በነገረን ነበር፤ ይኸው መርዶውን በእግሩ ይዞት መጣ።»

ወታደሮቹ ለተቃውሞ አደባባይ የተቀመጠውን ሕዝብ በጥይት ከበተኑበት ቀን ጀምሮ ካርቱም ውስጥ ኢንተርኔት የለም፤ የሚሠራው ተራ ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም በውድ ዋጋ። ወጣቶቹ መንገዱን በጡብ አጥረውታል፤ ባለሦስት እግሩ ረክሻ እንኳ እየዞረ ነው የሚያልፈው።

«ነገ ማለዳ ልናረዳት ነበር» አሉ ጋሽ አያሌው። «የእድሩ ሴቶች ዛሬ ጠዋት ሄደው ነገሩን ዳር ዳሩን ቢነካኩት ሳቀችባቸው። ‹ፓስተሩ ጽፎልኛል፣ ልጄ በሕይወት አለ› ብላ ስልኳን አውጥታ አነበበችላቸው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይረዳል? አንቺ ወዳጇ ነሽ፤ የኢንተርኔቱንም ነገር ታውቂያለሽ። ነገ ከፊት ሆነሽ ግቢልን።»

ዮሳቤጥ ተነሣች። «አንድ ስልክ ደውዬ ልምጣ» ብላ ወደ ግቢው ወጣች።

ያንን መልእክት የጻፈችው እሷ ናት።

ጸሐፊ ሆና ትሠራበት የነበረው የእርዳታ ድርጅት ሲዘጋ፣ ቪዲዮ እያየች ራሷን አስተምራ የራሷን ሥራ ጀመረች፤ ሰባኪዎችን በኢንተርኔት ከሩቅ መርዳት። ገጻቸውን ትይዛለች፣ ቀጠሯቸውን ታስተካክላለች፣ ለጸሎት ጥያቄ በስማቸው ትመልሳለች። የቤት ኪራዩም የእናቷ መድኃኒትም ከዚሁ ነው። ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት ትጸልይ ነበር። ናይሮቢ ያለው ፓስተር ብርሃን የመጀመሪያ ደንበኛዋ ነው። ውላቸው አንድ ነው፤ የሚጽፈው እሱ እንዳልሆነ ማንም አይወቅ። በጀመረች ሰሞን እየሳቀ የላከላት ድምፅ ትዝ ይላታል፦ «እህት ዮሲ፣ ‹ምናልባት› የምትል ቃል እንዳታስገቢብኝ። ምናልባት የሚል ነቢይ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ዘርፈሽን ወደ ገጹ የመራቻትም ራሷ ናት። «ጻፊለት፣ ይጸልይልሻል» አለቻት። የዘርፈሽ ጥያቄ ሲደርስ ፎቶዋን አይታ አለቀሰች። ከዚያም እንባዋን ሳትጠርግ፣ በእምነት ነው ብላ፣ «ልጅሽ በሕይወት አለ፤ ድምፁን ትሰሚያለሽ። ፓስተር ብርሃን» ብላ ላከችላት። በማግስቱ ኢንተርኔቱ ተቆረጠ። ዘርፈሽም ያቺን መልእክት ስታነብ ከረመች።

ናይሮቢ ደወለች።

«እህት ዮሲ! ተመስገን፣ አለሽ? ገጹ እኮ ሞተ፤ ተከታዩ ሁሉ ሊበተንብኝ ነው!»

ነገሩን ነገረችው።

«ጌታ ያጽናናት።»

«ፓስተር፣ ራስህ ደውልላት። መልእክቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም በላት።»

«እንዴት ብዬ? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ ልጁ በሕይወት አለ ያልኩት እኔ ነኝ? አንቺ ነሽ እኮ።»

«‹ምናልባት› አትበዪ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«በእምነት ጻፊ አልኩሽ እንጂ ዋሺ አልኩሽ?»

ያቃጠላት ይሄ ነው፤ እውነት አለበት።

«እና ምን ልበላት?»

«በሰማይ በሕይወት አለ በያት። ቃሉም አልወደቀ፣ እሷም ተጽናናች። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ስለ እሷ የቀጥታ ስርጭት ጸሎት እናደርጋለን፤ ፎቶዋን አዘጋጂልኝ። ደግሞ ጸሐፊ የሚፈልጉ ሁለት አገልጋዮች አሉ፣ ስምሽን ሰጥቻቸዋለሁ። በራስሽ እጅ እንዳታበላሺው፣ እህቴ።»

ስልኩን ዘጋች። ልትጸልይ ዓይኗን ጨፈነች፤ የመጣላት ግን የገዛ ጽሑፏ ነው፤ ድምፁን ትሰሚያለሽ።

«ዮሲዬ! ቆመሽ አንቀላፋሽ እንዴ?»

ዘርፈሽ ናት። ከሥራ ስትመለስ፣ የዳቦ ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

«ሸበካው መጣ?»

«አልመጣም።»

«ይመጣል፣ ኢንሻአላህ! ሲመጣ ከሰው ሁሉ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ ልጄ ሲደውል ስልኬ ተዘግቶ እንዳያገኘው። እነዚያ ሴቶች ጠዋት ፊታቸውን አጥቁረው መጡብኝ፤ ቅናት እኮ ነው! ስለነሱ ልጆች ፓስተር አልጻፈላቸው!»

እየሳቀች ዳቦ አውጥታ በአጥሩ ላይ አቀበለቻት። «እንኪ፣ ትኩስ ነው። ከስተሻል።»

መርዶ በቀትር፣ በአጥር ላይ፣ ለብቻዋ ለቆመች እናት አይነገርም። ዮሳቤጥ ዳቦውን ተቀበለች። «እሺ» ብቻ አለቻት።

ጋሽ አያሌው እንደተቀመጡ ነበሩ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ዮሳቤጥ፣ ስሚኝ» አሉ። «ነገ የልጁን ሞት ብቻ እንንገራት። ያንቺ ነገር ከሰልስቱ፣ ከአርባው በኋላ ይደርሳል። ባይነገርስ? እኔ አልሰማሁም እላለሁ፤ ኸላስ፣ በቃ።»

«አታምናችሁም። ያ መልእክት እጇ ላይ እያለ ኑርሁሴንን ራሱን ብታመጡላት ውሸታም ነው የምትለው። የኔን ሳትሰማ የልጇን አትሰማም።»

«እንጀራሽ ይሄዳል።»

«ይሄዳል።»

«እሷም ይቅር አትልሽም። ልጇን የገደልሽባት አንቺ ነሽ የሚመስላት።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ፤ እናንተ ከኋላዬ ትቆማላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት።»

«ምን?»

«ደረቷን ልትደቃ ስትል ሴቶቹ ይያዟት። እኔን ልትመታ ስትል ግን እንዳይዟት ይንገሩልኝ።»

«የለም፣ የለም። እንዲህ ያለ መርዶ አይቼ አላውቅም።»

«ጋሽ አያሌው።»

ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እሷ አላዞሩም።

«እሺ» አሉ። «እነግራቸዋለሁ። አይዟትም።»