ልጄ አክሲዮን ስትመዝንልኝ

የልብስ ስፌት ሱቄን የሸጥኩት ዓይኔ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ስላቃተው ነው። አሁን በገንዘቡ አክሲዮን ተገዝቶ በየዓመቱ ትርፍ ካላመጣ የምተዳደርበት ሌላ ነገር የለኝም። የአንድ ባንክ፣ የአንድ ኢንሹራንስ፣ የአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካና የአንድ ሳሙና ፋብሪካ አክሲዮን ሽያጭ ደግሞ ዓርብ ያበቃል። ይህን ሁሉ እያወቀች ልጄ በእኔ ጭንቀት የመመረቂያ ጽሑፏን ልትሠራ ተነሣች። ኩባንያዎችን በብዙ መመዘኛ የሚያወዳድሩ ሦስት ዘዴዎች አሉ፤ እሷ የምታጠናው የትኛው ዘዴ እንደሚሻል ነው።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ያንቺን ፍላጎት ልወቅ። ደህንነት ይበልጥብሻል ወይስ ትርፍ?»

«ደህንነት።»

«ትርፍ ወይስ አክሲዮኑን ቶሎ መሸጥ መቻሉ?»

«ትርፍ።»

«ቶሎ መሸጥ መቻሉ ወይስ ደህንነት?»

ድንገት ብታመምስ ብዬ አሰብኩ። «ቶሎ መሸጥ መቻሉ።»

ላፕቶፑን ትኩር ብላ አየችው። «መልስሽ እርስ በርሱ ይጋጫል። አይቀበለውም።»

«ማነው የማይቀበለው? ገንዘቡ የእሱ ነው እንዴ?»

እንደገና ጠየቀችኝ። ፖሊስ ጣቢያ እንደገባ ሰው ቃሌን አስተካክዬ ሰጠሁ። ሐሙስ ከሰዓት ውጤቱ ወጣ። ማንበብ የጀመርኩት በእርጅና ስለሆነ ቀስ እያልኩ አነበብኩት፦ በአንደኛው ዘዴ ባንኩ ይቀድማል፣ በሁለተኛው ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ በሦስተኛው ኢንሹራንሱ። የልጄ ፊት በራ።

«ተለያየ እኮ፣ እማዬ። ለጽሑፌ ከዚህ የተሻለ አላገኝም።»

«ለጽሑፍሽስ ደግ። እኔ የቱን ልግዛ?»

«ቆይ፣ ሳሙና ፋብሪካውን ላውጣው። በሁሉም መጨረሻ ነው፣ ማንም አይገዛውም።»

አወጣችው። በአንደኛው ዘዴ ባንኩ ወረደና ኢንሹራንሱ ቦታውን ያዘ።

«ሳሙናው ባንኩን ምን አደረገው?»

«ዘዴው እንዲህ ዓይነት ጠባይ አለው።»

«ሠርግ ያልተጠራ ሰው ሙሽራ ሲያስቀይር አይቼ አላውቅም።»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ራሴን ያዝኩ።

ዓርብ አክሲዮን መሸጫው ቢሮ ወረፋ ላይ ቆመን እንኳ ላፕቶፑን ክንዷ ላይ ዘርግታ፣ «የመመዘኛዎቹን ክብደት ትንሽ ላስተካክለው» ትላለች። ከኋላችን ያለው ጎልማሳ፣ «እናቴ፣ ወይ ይለፉ ወይ ያሳልፉን» አለኝ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዝጊው። ገንዘቡ ያንቺ ቢሆን የቱን ትገዢ ነበር?»

ላፕቶፑን ዘጋችው። ከንፈሯን ነከሰች።

«ቢከስርስ፣ እማዬ? ልጄ አከሰረችኝ ብትይስ? ዘዴው ከመረጠ ግን…»

ለካ ሳምንቱን ሙሉ የምትሸሸው ይህን ነው። እኔ ስፈራ እሷ ትፈራለች፣ መሃል ላይ ያ ላፕቶፕ ይሞቃል። ልቆጣት ብዬ አፌ እምቢ አለኝ።

«ከከሰረ የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ ዘዴሽን አወዳድሪ።»

መስኮቱ ጋ ስደርስ ግማሹን ለባንኩ፣ ግማሹን ለኢንሹራንሱ አልኩ። ሲሚንቶውን በሁለተኛው ዘዴ ራስ፣ በሌሎቹ ግን ከሳሙናው ብቻ ከፍ ብሎ ስላየሁት ፈራሁት። ሠራተኛዋ ማኅተሙን መታችልኝ። አለቀ።

ስንወጣ ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ላፕቶፑን ከፈተች።

«እማዬ፣ የገዛሽው በሁለተኛው ዘዴ ሲመዘን እኮ…»

«ለመምህርሽ ንገሪው» አልኳትና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።