ሁለት ጊዜ የወደቀ መጥረቢያ

ባለፈው ዓመት አንድ ደብተር የያዘ እንግዳ መንደራችን መጥቶ ሦስት ቀን ሰነበተ። ሊሄድ ሲል «የጎላ ሕዝብ ሰዎች ከጫካቸው ጋር እንደ ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ ሳይጠይቁ አንድ ዛፍ አይቆርጡም» ብሎ የጻፈውን አነበበልን። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ሚስቴ ጃርቱ ሳቋን መያዝ ቢያቅታት ወደ ጓሮ ሮጠች። የመንደሩ አለቃ ኪያዞሉ ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ «እውነት ነው፣ እንጠይቃለን። መልሱን የማይሰማም አለን» አሉ።

ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ሲያፋ እባላለሁ። መጠየቁን ጠይቄ ነበር፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም። እንደ ባልና ሚስት የተባለውም ልክ ነው። እኔም ጃርቱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠይቃት ኖሬያለሁ፤ መልሷን ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩን ያመጣው የልጄ የሚያታ እርግዝና ነው። የመጀመሪያዋ ነበር። ባሏ ከከተማ የመጣ፣ መሬት የሌለው ልጅ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ መጥረቢያ ሲይዝ ግን እባብ የያዘ ይመስላል። አንድ ቀን ሩዝ እያበጠረች፣ ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ በዚህ ዓመት የምንዘራበት ካላገኘን አልማዝ ወደሚቆፈርበት ጉድጓድ እንሄዳለን» አለችኝ።

ሁለቱን ታላላቆቿን ጦርነቱ በልቶብኛል። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። አልማዝ ጉድጓድ የገባ ደግሞ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ጅል እሆናለሁ፤ ሳልፈራም ያው ነኝ ትላለች ጃርቱ።

መሬት ጠፍቶ አልነበረም። ከወንዙ ወዲህ ከጦርነቱ ጀምሮ ያረፈ ጫካ አለ። እኛ ዘንድ መሬት ሩዝ ካበቀለ በኋላ ለጫካው ይመለሳል፤ እስኪጠግብ ማንም አይነካውም። ፈጥነው የበቀሉት ዛፎች አርጅተው መውደቅ ሲጀምሩ ሽማግሌዎች ይገቡና አፈሩን አሽትተው ይፈርዳሉ። በዚያ ዓመት ወዲህም ማዶም ያለው «ጠግቧል» አሉ። የወዲሁን ማን ይመንጥረው የሚለው ነው ጠብ ያመጣው።

ልጅ ሲወለድ እትብቱን ለእንግዳ ከምናቀርበው ከመራራው የኮላ ፍሬ ጋር እንቀብራለን። የበቀለው ኮላ የዚያ ሰው ነው፤ ዛፉ የቆመበት መሬትም የቤተሰቡ። በዚያ ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ኮላ ነበር። ጎረቤቴ ቫርኒ «የእኔ ነው» ይላል።

እኔና ቫርኒ በአንድ ሳምንት ነው የተወለድነው፤ ያዋለዱን እማማ ቴኔ የተባሉ አክስቴ ናቸው። ከዚያች ሳምንት ወዲህ በምንም ነገር ተስማምተን አናውቅም። ከጦርነቱ ስደት ስንመለስ አባቶቻችን ሁለቱም አልነበሩም፣ መንደሩም ሣር ውጦት ነበር። ቫርኒ ያንን ኮላ አገኘና አቅፎት አለቀሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ይሄዳል፣ ሐረጉን ይመነጥርለታል፣ «ደህና አደርክ ወንድሜ» ይለዋል። ለእንግዳ የሚያቀርበው ፍሬም ከዚያው ዛፍ ነው። እኔ ሆዴን ይዤ እስቅበት ነበር። የእኔ ኮላ በስደታችን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ዝሆን ረግጦ ያጠፋው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ማን ነገረኝ? ማንም። ማንን ጠየቅሁ? ማንንም።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና «ቴኔ ከልጇ መንደር እስክትመለስ ይቆይ፤ እትብቱን የቀበረችው እሷ ናት። አሥር ቀን ነው» አሉ።

እኔ ግን አስቤ ጨርሻለሁ። ዛፉ ከሌለ ቫርኒ ምን ይዞ ይከራከራል? ለጃርቱ ስነግራት ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።»

«እኔ ቆፈርኩ? የምቆርጠው ዛፍ ነው!»

«እሺ ቁረጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንተ ደግሞ የምትለቅመውም አይተርፍህ» አለችኝ።

ትልቅ ዛፍ ስንቆርጥ ደንብ አለን። አመሻሽ ላይ መጥረቢያውን ከግንዱ ጋር ታስደግፈዋለህ፣ ምክንያትህን ትናገራለህ፣ ትሄዳለህ። ጠዋት ቆሞ ካገኘኸው ዛፉ ፈቅዷል። ወድቆ ካገኘኸው አልፈቀደምና መጥረቢያህን አንስተህ ወደ ቤትህ ነው።

አስደገፍኩ። «ለልጅ ልጄ ነው» አልኩት። የቫርኒን ነገር አላነሳሁም፤ ዛፍ ፊት ማን ሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል? ጠዋት ብመጣ መጥረቢያዬ ሣር ላይ ተጋድሟል። «ነፋስ ነው» አልኩ። ሌሊቱን ቅጠል እንኳ የነቃነቀ ነፋስ አልነበረም። ዳግመኛ አስደገፍኩ። ወደቀ። «ጦጣ ነው» አልኩ። በሦስተኛው ነፋስም ጦጣም እንዳያስቸግሩኝ ብዬ ስለቱን ግንዱ ውስጥ ሰካሁት። ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆሟል! «ፈቀደ!» ብዬ ጮህኩ። ከልቤ ነው የተደሰትኩት። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ራሴን ዋሽቼ ራሴው አምናለሁ።

እስኪወድቅ ድረስ ቆረጥኩት። ሲወድቅ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ እምብርቴ አካባቢም የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። የማታ የካሳቫ ቅጠል ወጥ ነው ብዬ አለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ ቫርኒ ለሰላምታው መጣ። «ወንድሜን ገደሉት! ወንድሜን!» ሲል ጩኸቱ መንደር ደረሰ። ሰው የሞተ መስሎት ዱላ ያልያዘ አልነበረም። እኔም ዱላ ይዤ ከሁሉ ቀድሜ ሮጥኩ።

አለቃ ኪያዞሉ ጉቶውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ዝሆን ይሆናል» አልኩ።

«ዝሆን በመጥረቢያ?» አሉኝ። ቁርጡን በጣታቸው ዳሰሱና «ይህ በግራ እጁ የሚቆርጥ ሰው ነው» አሉ።

በመንደራችን ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ግራ እጄን ቀስ ብዬ ከኋላዬ ደበቅኩ፤ ዱላውን ይዤበት ስለነበር ዱላው በጀርባዬ ወጥቶ እንደ ጅራት ቆመ። ያን ቀን የሳቀ ግን አልነበረም። ቫርኒ ጉቶው ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለኝም።

በአሥረኛው ቀን እማማ ቴኔ መጡ። ማንም ምንም ሳይነግራቸው፣ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ቀጥታ ወደ ጫካው ሄዱ። ጉቶውን ሲያዩ ቆሙ።

«የሲያፋን ኮላ የቆረጠው ማነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

«ምነው ዝም አላችሁ? በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርኩት። የሲያፋ ከወንዙ ወዲህ፣ የቫርኒ ከወንዙ ማዶ፣ ከድንጋዩ ሥር። ዝሆን የረገጠው የቫርኒን ነው። ማነው ቆራጩ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ መጥረቢያው ሁለቴ እንደወደቀም ተናዘዝኩ።

አሮጊቷ በምርኩዛቸው ደረቴን ነካ አደረጉኝ። «ሕፃን ሆነህም አልቅስ ሲሉህ ትስቅ ነበር» አሉኝ።

አሥር ቀን ብታገስ መሬቱ በማያሻማ ደንብ የእኔ ነበር! አሁን ግን ኮላ ሳይፈቅድ የተቆረጠበት መሬት ሰባት ዓመት መጥረቢያ አይገባበትም። ሚያታ ፊቷን አዞረች። ቤት ስገባ ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት፤ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ካሣውም ቀላል አልነበረም። የሰው ኮላ የቆረጠ ነጭ ዶሮ አርዶ፣ ሩዝና የዘንባባ ዘይት አቅርቦ፣ ከተበዳዩ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻም በእጁ ያጎርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ሲመካከሩ ዋሉና «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ፣ እኔ ብቻዬን ገበታው ፊት ተቀመጥኩ።

«ይቅርታ ጠይቅ» አሉ አለቃ።

«ይቅር በለኝ ሲያፋ።»

«አሁን መልስ።»

«ይቅር ብያለሁ ሲያፋ።»

«ከልብህ ነው?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። «ሲያፋን እኮ እናውቀዋለን፤ ቂመኛ ነው!»

ራሴን አጎረስኩ። ጃርቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሁለተኛ ግን አልጎረስኩም።

ሚያታ ከባሏ ጋር ለመሄድ በተነሱበት ሳምንት ወለደች፤ ሴት ልጅ። እትብቷ በቅጠል ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ከእትብቱ ጋር የሚቀበረው ፍሬ ከቤተሰቡ ኮላ መሆን አለበት። የእኔን ዛፍ ፍሬ አይጥና ጉንዳን ጨርሶታል። የቀረው ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቫርኒ ቤት፣ ቅርጫት ውስጥ።

ሦስት ጊዜ ከደጁ ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው ራሱ ወጣ።

«ምን ፈለግክ?»

«ኮላ።»

«የማንን?»

«የ... የእኔን።»

«አንተ ደግሞ ኮላ አለህ እንዴ?»

የሚገባኝ ነውና ቆምኩ። ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ከዚያ ቅርጫቱን ይዞ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ የአንተን እትብት ስኮተኩት ኖሬያለሁ። በየማለዳው ደህና አደርክ የምለው ለካ አንተን ነው! ባውቅ ኖሮ አፌ ይቆረጥ!» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ይኸው አሁን በጠዋት እነሳለሁ፣ የምሄድበት የለኝም።»

«ይቅር በለኝ ቫርኒ» አልኩት። ለራሴ ስለው ቀላል ነበር፤ ለእሱ ስለው ግን ሁለቴ ጀምሬ አቋርጬ ነው የጨረስኩት።

ከቅርጫቱ ነጩን ፍሬ መረጠና ወደ ወንዙ መንገድ ጀመረ። ሚያታ ልጇን አዝላ፣ እማማ ቴኔ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ባሏም እኔም ተከተልነው። ማዶ ተሻግሮ፣ ዝሆን የረገጠው የእሱ ኮላ ከነበረበት፣ ከድንጋዩ ሥር ቆመ።

«እዚህ ቅበሩት» አለ። «ዛፉ የሕፃኗ ይሁን። ከዚህ እስከ ወንዙ ያለውን ደግሞ ይሄ እጁ የለሰለሰው የከተማ ልጅ ይዝራበት። ለእኔ ከድንጋዩ ወዲያ ያለው ይበቃኛል።»

አፌን ከፈትኩ።

«ዝም በል!» አለኝ። «ለአንተ ብዬ አይደለም።»

ሚያታ አልሄደችም። ኮላዋ አሁን እስከ ጉልበቴ ደርሳለች። በየማለዳው እየሄድኩ የምኮተኩታት እኔ ነኝ፤ ቫርኒ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይቆጣጠረኛል።

«ሥሯን ነካህ! መኮትኮቻውን በቀኝ እጅህ ያዘው አላልኩህም? ደግሞስ ሰላም ሳትላት ነው እንዴ የምትጀምረው?»

«ደህና አደርሽ» እላለሁ።

«ማንን ነው?»

«ደህና አደርሽ እህቴ» እላለሁ፣ እሱ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብዬ።