የሚዘል ዝናብ

አክስቴ አማካሪ የሆነችው ጡረታ ከወጣች በሰባተኛው ዓመት ነው። የሹመቱ ደብዳቤ ሲደርሳት ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመረችበትና አጥፋ አስቀመጠችው።

የምሠራበት ድርጅት ልጆችን ማንበብ የሚያስተምር የታብሌት ፕሮግራም ያዘጋጃል። ፕሮግራሙ ወደ ዘጠኝ አገሮች ይሄዳል። አዲስ ዕትም ከመውጣቱ በፊት ሰባት አማካሪዎች ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተሰብስበው ያዩታል፤ ሩቅ ያሉት በስክሪን ይገባሉ። በመጨረሻ እያንዳንዳቸው ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራሉ፤ «ይሂድ» ወይም «ይቆይ»። ሰባቱም «ይሂድ» ካላሉ አይሄድም። «ይቆይ» ያለ ሰው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበ ቃሉ ይሰረዛል።

በዚያን ጊዜ ሰባተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ሰብሳቢያችን ዕድሜያቸውን በዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሴት ናቸው። ስድስት ሊቃውንት አሉን፣ እጁን ጠመኔ የነካው ግን አንድም የለንም፣ ሰው ፈልጉልኝ አሉ። እኔ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ነኝ፤ በስብሰባ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስክሪኑን ከመቀያየር በቀር ድርሻ የለኝም። በደንብ የማውቀው አስተማሪ ግን ነበረኝ። አርባ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች፣ እኔንም ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ። አክስቴ መሆኗን አልደበቅኩም። ሰብሳቢዋ፣ ሥራው ከድካም በቀር ምንም የለበትም፣ ማን ይቀናባታል ብለው ሳቁ።

በመጀመሪያው ቀን የሚሽከረከረውን ወንበር እንዳልተገራ ፈረስ ዞራ አየችውና አራት እግር ያለው እንዲመጣላት ጠየቀች። ከዚያ ደብተሯን ዘርግታ ማዳመጥ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ «ተጠቃሚ» የምትሉት ማን ነው አለች። የስታቲስቲክስ ባለሙያው፣ ልጁ ነው ብለው መለሱላት። ታዲያ ልጅ እንዳትሉ ምን ከለከላችሁ አለች። ባለሙያውን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አማካይ» ይላቸዋል፤ ቁመታቸው ከሁላችንም የሚበልጥ ሰውዬ ናቸው። ስሙን ስለሚያውቁት ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው «አማካይ ነኝ» ይላሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሪፖርታቸው ላይ «ልጅ» ብለው ይጽፋሉ።

ያን ሰሞን የቀረበው ዕትም ትልቅ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ይወጣል፤ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ካለ ታብሌቱ ቃሉን ራሱ ይነግረዋል። ሦስት ሰከንዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የአሥራ አራት ሺህ ልጆችን ቀረጻ ለክቼ፣ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ቃሉን በትክክል ያነበበ ልጅ አንድም እንደሌለ አሳይቼ ነበር። ቁጥሩን እወደው ነበር። ንጹሕ ነው፤ ክርክር የለበትም።

አክስቴ፣ «ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ልጆቹን ልይ» ስላለች፣ ሙከራው ወደሚካሄድበት ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። ከአንዲት ፍንጭት ልጅ አጠገብ፣ የልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጠች። ልጅቷ ቃሉን ስታይ ግንባሯን ትቋጥራለች፤ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች፤ አፏን ልትከፍት ስትል ታብሌቱ ይቀድማታል። አክስቴ ጭኗ ላይ በጣቶቿ ትቆጥራለች። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ ግንባሯን መቋጠር ተወች። እጇን አጣጥፋ ታብሌቱ እስኪናገር ትጠብቅና ሲናገር ትደግማለች። ሪፖርቱ፣ ሁሉንም ቃላት ጨርሳለች አለ። አውቶቡስ ውስጥ አክስቴ፣ ይቺ ዕቃችሁ ከሰው አፍ ትነጥቃለች ብቻ አለችኝ።

በስብሰባው ላይ ስድስቱ «ይሂድ» አሉ። አክስቴ «ይቆይ» አለች።

አማካይ በትሕትና የእኔን ግራፍ አስከፍተው አሳዩዋት። መስመሩ ሦስት ሰከንድ ላይ ሲደርስ ገደል እንደገባ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የእርስዎን ዓይን አከብራለሁ፣ ግን አንዲት ልጅና አሥራ አራት ሺህ ልጆች በአንድ ሚዛን እንዴት ይቀመጣሉ ብለው ጠየቋት። አክስቴ ደብተሯን ከደነች። ቃሏን ግን አላነሳችም። ሰብሳቢዋ ሁለት ሳምንቱን ሰጧት። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብለውኝ፣ ዘጠኝ አገር ይህን ዕትም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ማስረጃ ካላመጣች ቃሏ ተሰርዞ መሄዱ አይቀርም፣ እንዳትቀየም አንቺው አለዝበሽ ንገሪያት አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አለዝቤ ልነግራት እቤቷ ሄድኩ። ልብስ እየተኮሰች አገኘኋት። ሰብሳቢዋ ያሉኝን ሁሉ በሰባት ጨርቅ ጠቅልዬ ነገርኳት፤ እሷ ግን አንድ በአንድ ፈታ አየችው።

«እኔም እኮ እንደዚች ዕቃችሁ ነበርኩ» አለች ካውያውን አቁማ። «ልጅ ዝም ሲል ምላሴን ይበላኛል። ከአፉ ነጥቄ እነግረዋለሁ። ደግ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

ማስተማር በጀመረች በአምስተኛው ዓመት ጉሮሮዋን ታማ ሐኪም ሦስት ወር ሙሉ እንዳትናገር ከለከላት። ምትክ ስላልተገኘ ክፍል መግባቷ አልቀረም። ልጆቹ አንድ ቃል ሲያቅታቸው እሷን ያያሉ፤ እሷም እነሱን ታያለች፤ ሌላ ልታደርግ የምትችለው የለም። በሁለተኛው ወር፣ አይሆንላቸውም ብላ ተስፋ የቆረጠችባቸው የኋላ ወንበር ልጆች ማንበብ ጀመሩ። ይህን ስትነግረኝ ዛሬም የሚገርማት ይመስል ነበር።

አማካይ ይህን ቢሰሙ፣ እሱም አንድ ክፍል ነው ይሉሻል አልኳት። እንደሚሉማ አውቃለሁ አለች። ከዚያ እነዚያን አሥራ አራት ሺህ ልጆች አምጪና አሰሚኝ አለችኝ።

ላፕቶፔን ከተተኮሰው ልብስ አጠገብ አስቀመጥኩ። ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ አዳመጠች። እኔ ሻይ አፈላሁ፤ ስኒ አጠብኩ፤ መስኮቱን ከፈትኩ ዘጋሁ። ሠላሳ ምናምነኛው ልጅ ላይ እጇን አነሳች።

«ይህ ዝናብ ምን ሆኗል?»

«ምን ሆነ?»

«ይዘላል። ዝናብ ይዘላል እንዴ?»

መልሼ ከፈትኩት። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርድበታል። ልጁ አንድ ቃል ያነባል። ከዚያ ዶፍ የነበረው ዝናብ ዓይን እስኪጨፈን ባልሞላ ጊዜ ካፊያ ይሆንና ልጁ የሚቀጥለውን ቃል ያነባል። ዶፉ ማባራቱ የት ሄደ?

 ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከሩቅ ትምህርት ቤቶች የሚመጡት ቀረጻዎች በኔትወርክ ድካም አልላክ ብለው ሲያስቸግሩን፣ ፋይሉ እንዲቀል አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሥራዋ ልጆቹ ዝም ሲሉ ከሦስት ሰከንድ የሚተርፈውን ዝምታ ቆርጣ መጣል ነው። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ከዚያ ረሳኋት። ከዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ቀረጻ ከፍቼ፣ ልጆች ስንት ሰከንድ ዝም ይላሉ ብዬ መለካት ጀመርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ለክቼ ያገኘሁት የራሴን መቀስ ነው።

ይህን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ነገሩ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ካውያውን ነቅላ ተቀመጠች።

«አንቺ አፍሽን ያዢ» አለች። «ዝናቡ ይዘላል እላቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው። መቀሱ የማን ነው ካላሉኝ እኔ ምን አገባኝ።»

«መጠየቃቸው አይቀርም፣ አክስቴ።»

«ሲጠይቁ አርጅቻለሁ፣ ጆሮዬ አይሰማም እላለሁ። ዝናብ ሲዘል የሰማ ጆሮ መሆኑን ማን ያስታውሳል።»

ያልተቆረጡት ቀረጻዎች እንደተቀረጹ ከትምህርት ቤቶቹ ኋላ በፖስታ በመጡ ትንንሽ የሜሞሪ ካርዶች ላይ ሆነው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ በአንድ ካርቶን ተቀምጠው ነበር። ሰኞ ጠዋት ካርቶኑን ተሸክሜ ወጣሁ። የስድስት መቶ ልጆችን ቀረጻ በዘጠኝ ቀን አዳመጥኩ። ከሦስት ሰከንድ በላይ ዝም ካሉት ውስጥ ግማሽ የሚሆኑት፣ ማንም ሳይነግራቸው ቃሉን በኋላ በትክክል አንብበውታል። ስምንተኛው ሰከንድ ላይ፤ አሥረኛው ላይ። በዝምታው ውስጥ ትንፋሽ ይሰማል፤ አንዳንዴ የወንበር ሲጢጥታ፤ አንዳንዴ ልጁ ራሱን በሹክሹክታ «እሺ፣ እሺ» ሲል። ይህን ሁሉ ነው ቆርጬ የጣልኩት።

በሁለተኛው ስብሰባ አክስቴ ከአራት እግሩ ወንበር ተነስታ፣ ቀረጻዎቻችሁ ውስጥ ዝናቡ ይዘላል አለች። ስክሪን ላይ ያሉት አስተርጓሚው የተሳሳተ መስሏቸው የጆሮ ማዳመጫቸውን ነካኩ። አማካይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሰብሳቢዋ፣ እሜቴ፣ እስኪ ያብራሩልን አሏት። አክስቴ፣ ነገሩ እንግዲህ ብላ ጀመረች፤ ዞር ብላም አላየችኝም። ልትዋሽልኝ ቃል ስትመርጥ አውቃታለሁ፤ አንገቷ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ግድግዳውን ለቅቄ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ምንም ሳልናገር ያልተቆረጠውን ቀረጻ ከፈትኩ። ዶፉ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ልጁ አንድ ቃል አነበበ። ከዚያ ዝናብ ብቻ። ሰብሳቢዋ ድምፁ የተቋረጠ መስሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ ውሃ ቀዳ፤ አንዷ ወንበሯን አስተካከለች። ዝናቡ በራሱ ጊዜ ሳሳ፤ ካፊያ ሆነ። ልጁም ቃሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርት አድርጎ አነበበ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር።

«ዝምታውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ረስቼው መልሼ ለካሁት። ሦስት ሰከንድ የሚባል ነገር የለም።»

 የስድስት መቶውን ልጆች ውጤት ስክሪኑ ላይ አወጣሁና ቆምኩ። አክስቴ ጠረጴዛውን ትመለከታለች፤ ተናዳብኛለች።

አማካይ ረጅም አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ።

«በግራፉ ላይ ግድግዳውን አይቼው ነበር» አሉ። «ሦስት ሰከንድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ግድግዳ። ልጅ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ አንድ ቦታ መቀስ አለ ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ካጠፋሽ አብረን ነው።»

ሰብሳቢዋ ሁሉንም እንደገና ጠየቁ። ሰባቱም «ይቆይ» አሉ። ዕትሙ አምስት ወር እንዲዘገይ፣ አሥራ አራቱ ሺህም እንደገና እንዲለካ ተወሰነ። መለካቱ በእኔ ላይ ወደቀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሰኝ፤ የሚገባኝ ስለነበር አልተከፋሁም። አክስቴ ግን አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ፌርማታ ሙሉ አኮረፈችኝ። አራተኛው ላይ፣ አፍሽን ያዢ አላልኩሽም ወይ አለችኝ። ብለሻል አልኳት።

«ይኸው አሳድጌሽ አሳድጌሽ እውነተኛ ሆነሽ አረፍሽው» አለች፤ ፊቷን እንደተኮሳተረ ለማቆየት ስትታገል ከንፈሯ ከዳት።

በአምስቱ ወር ውስጥ ታብሌቱ ከእንግዲህ ልጁ ካልጠየቀው በቀር እንዳይናገር አደረግን። አዲስ ችግር መጣ። ታብሌቱ ዝም ሲል ልጆቹ የተበላሸ እየመሰላቸው ይነቀንቁታል። ሰዓሊያችን፣ የሚጠብቅ ፊት ስክሪኑ ላይ ይኑር አለ። የማን ፊት እንደሚሆን ማንም አልተከራከረም።

አክስቴ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እንደ ተማሪ ከፊቷ ቆሜ ከመጽሐፍ እንዳነብና ከባድ ቃል ላይ እንድቆም ተደረገ። ሰዓሊው አምስት ወረቀት አበላሸ። ፊቷ እሺ ብሎኛል፣ ከንፈሯ ግን አልያዝ አለኝ አለ። ቀና ብዬ አየኋት። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፤ ዓይኖቿ የረጉ፤ ከንፈሮቿ ግን ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብለው ቃሉን ይላሉ።

«አክስቴ፣ እየነገርሽኝ ነው።»

«ማን? እኔ?»

ካደች። ሰዓሊው በስልኩ ቀርጾ አሳያት። ሁለት ጊዜ አየችው፤ መነጽሯን ጠርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። ከጉሮሮ ሕመሟ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት ዝም ብላ ስትጠብቅ የኖረች ይመስላት ነበር። ሳቃችንን ሰምተው የገቡት አማካይ ጉዳዩ በቃለ ጉባኤ ይያዝ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ክፉኛ ገላመጠቻቸው። ከዚያ አፏን በመዳፏ ከደነች።

«በቃ እንዲህ ሳለኝ» አለች ከመዳፏ ሥር።

እንዲህ ሳላት። ዕትሙ በሰባት «ይሂድ» ሄደ። ትናንት ከሙከራው ትምህርት ቤት አስተማሪዋ አጭር መልእክት ላከችልን። ክፍሉ ውስጥ አንድ ልጅ እያነበበ ከባድ ቃል ላይ ሲቆም፣ ማንም ሳያዛቸው የተቀሩት ልጆች መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ አለች፤ አንዳንዶቹ በሁለት እጅ። መልእክቱን ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላት። መልስ ሳትሰጠኝ ቆየች፤ እኔም ጠበቅኳት። ከዚያ ለነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ የትኛውን አውቶቡስ እንደምንይዝ ጠየቀችኝ።