ሃያ ቀን ያለ እንጀራ

ያለምወርቅ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ፊት ስትቆም እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ባሏ እንዳላማው አልጋው ላይ ተጋድሞ ግሉኮስ እየወረደለት ነው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ላብ አጥምቆት ደጃፍ ላይ ተዝለፈለፈ። እሷ ደረቷን ስትደቃ፣ ስኳር በጥብጣ በማንኪያ ያጠጣችው ልጃቸው ሕሊና ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ አጋማሽ ነው። እንዳላማው የስኳር መርፌ መውጋት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ያለምወርቅ እግሩ ይቆረጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል እያለች ስትፈራ ከርማ፣ እንጀራ፣ ዳቦና ድንች የተወ ሰው ከስኳር ይድናል የሚል ሰው በስልኳ ሰማች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ በቀላሉ አልታለልም ብላ የሕሊናን አሮጌ ደብተር አወጣችና ገጹን ለሁለት ከፈለችው። በአንድ ወገን፦ ስኳሩ ይወርዳል፣ ቦርጩ ይጎድላል። በሌላው ወገን፦ እንቁላል ውድ ነው፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰው ይታዘበናል። መርፌው በአንዱም ወገን አልተጻፈም።

ሁለት ሳምንት በእንቁላልና በአይብ ሄደ። ስኳሩ ከሁለት መቶ ስልሳ ወደ መቶ አርባ ወረደ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ንስሐ አባታቸው ለሕመሙ ብለው በጠዋት እንዲበላ ፈቅደውለታል፤ እንቁላልና አይብ ግን ቀረ። እሷም እንጀራውን ልመልስ አላለችም። ጎመን፣ አሁንም ጎመን፣ በማንኪያ።

«ያለም፣ ለበሬ እንኳ ገብስ ይጨመርለታል» አላት በሦስተኛው ቀን።

«ስኳርህን አታይም?»

«አየሁት። ጎመኑንም አየሁት።»

መርፌውን ግን እንደታዘዘው፣ ሳይቀንስ ይወጋ ነበር።

አሁን ነርሷ ሲስተር ወንጌላዊት ካርዱን እያገላበጠች፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ምን በልተው ነው የወጡት?» አለችው።

እንዳላማው ወደ ሚስቱ አላየም። «እንደወትሮዬ። እንጀራ በሽሮ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንጀራ ይረሳል እንዴ?»

ነርሷ ተከዘች። «እንደወትሮው በልተው ይህን ያህል ከወረደ ኩላሊትዎ ያሰጋኛል። ሐኪሙ ይይዎትና ምናልባት ወደ ባሕር ዳር ይጻፍልዎታል።»

ያለምወርቅ ፊቷ ጋለ። ሊሸፍናት እንደዋሸ ገባት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ እሱ ግን በሌለበት ሕመም ይንከራተታል፣ መርፌውም ያው እንደሆነ ይቀጥላል። አጠገባቸው ያሉት ሁለት አስታማሚዎች ወሬያቸውን አቁመዋል።

«አልበላም» አለች። «እንጀራ ከበላ ሃያ ቀኑ ነው። የከለከልሁት እኔ ነኝ።»

«መርፌውስ?»

«ያው ነው።»

«ማንን ጠይቀው ነው?»

«ስልኬን።»

አንዷ አስታማሚ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ሲስተር ወንጌላዊት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። እንጀራ መቀነስ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ፣ ስኳሩም የወረደው በዚሁ እንደሆነ፣ ነገር ግን መርፌ የሚወጋ ሰው ምግቡን ሲቀንስ ሐኪም መርፌውንም ካላስተካከለለት ሊሞት እንደሚችል ቀስ ብላ ነገረቻት። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻት። «ሐኪሙ እስኪመጣ የበሉትን በየቀኑ ይጻፉልኝ።»

ያለምወርቅ ወረቀቱን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርጋ ጻፈች። ጎመን። ጎመን። ጎመን። ቀና ብላ ባሏን ማየት አልቻለችም።

እንዳላማው አንገቱን አስግጎ አነበበና፣ «የሐሙሱን ግማሽ ድንች ረሳሽው» አላት።

«መች በላህ?»

«ሕሊና ሰጠችኝ። ጓዳ ገብተን።»

«ፈርታችሁኝ?»

ጣቱን ወረቀቱ ላይ፣ የሐሙሱ መስመር ላይ አሳረፈ። «ግማሽ ድንች» ብላ ጻፈች።