ማሽኑ የጻፈውን አንለጥፍም

ሠላሳ ዓመት ታይፕ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣችውን ሴትዮ ሁሉም «እትዬ አራት ነጥብ» ይላታል፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ ወረቀት ያስረከበ ተማሪ ከእጇ በሰላም አይወጣም ነበርና። ጡረታ ብላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ታናሽ ወንድሟ አሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ በጎ ፈቃደኞች ሠርተው በነፃ የሚያድሉትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫነላት። መመሪያው በሰው አገር ቋንቋ ብቻ መሆኑ አንገበገባት። የሰፈሯን ነርስና ሬዲዮ ጠጋኝ አሰባስባ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ሱቅ ውስጥ በክርና በቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ተቀምጠው፣ በራሳቸው ቋንቋ ይጽፉ ጀመር።

አንድ ሰኞ የመመሪያዎቹ ሁሉ ኃላፊ ከሆነው መሐንዲስ መልእክት መጣ። አዲሱ እትም በሁለት ሳምንት ይወጣል፤ ከአርባ ገጽ ያለቀው አሥራ ስምንት ብቻ ነው፤ የቀረውን ማሽን ተርጉሞታል፤ ተመልክታችሁ አጽድቁ።

እትዬ አንዱን ገጽ አትማ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ ስለሆነች ገጹን ሁሉ የምትፈትነው እሷ ነበረች።

«‹ዲስኩን ይጥረጉ› ይላል» አለችና ጨርቅ አነሳች። «የቱ ጋ ነው የቆሸሸው?»

ጠጋኙ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። አምና እንዲህ ያለ ማሽን የተረጎመው ገጽ ተከትላ የሟች እናቷን ፎቶዎች በገዛ እጇ አጥፍታለች።

«ለካ ‹ይጥረጉ› ማለት ሁሉን ነገር አጥፋው ማለት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ ደሟ ፈላ። ወዲያው መሐንዲሱ ዘንድ ደወለች።

«የማሽኑን ገጽ አንለጥፍም።»

«እትዬ፣ ባዶ ገጽ እኮ ያሳፍራል። እትሙ ደግሞ እናንተን አይጠብቅም።»

«አይጠብቅ! ማን ጠብቅ አለው? ያላለቀው ላይ ‹ገና አልተጻፈም› በልና ከሥሩ ስሜን አድርግ። የሚቆጣ ካለ እኔን ይቆጣ።»

«ባልስማማስ?»

«የአራታችንንም ስም ከመመሪያው ታወጣለህ፤ ለምን እንደወጣም ለተጠቃሚው ሁሉ እጽፋለሁ።»

መሐንዲሱ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። «እሺ፣ እንዳሉት ይሁን» አለ፤ ድምፁ ግን ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀና አላሉም። የዲስኩን ገጽ ነርሷ ራሷ ጻፈችው፦ «ይህን ከተጫኑ ፎቶዎም ጽሑፍዎም ይጠፋል፤ አይመለስም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።» እትሙ ሲወጣ ሠላሳ አንድ ገጽ ደረሰ፤ ዘጠኙ ባዶውን ወጣ።

በማግስቱ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጻፈ። «ዘጠኝ ገጽ ባዶ! ትንሽ እንኳ አታፍሩም?»

«አናፍርም» ብላ መለሰችለት እትዬ። «ፕሪንተር የምታውቅ ከሆነ ባዶ የቀረውን የፕሪንተሩን ገጽ አንተ ጻፍልን።»

ወንድሟ ከጀርባዋ ቆሞ አንብቦ፣ «እታለም፣ ሰውየውን አባረርሽው» አላት።

አልተባረረም። በሦስተኛው ቀን ገጹ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ይዛው ፕሪንተሩ ፊት ተቀመጠች፤ አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«እዚህ ጋ ይዋሻል።»

እትዬ መስመሩን በቀይ አስምራ ለሰውየው መልሳ ላከችለት።