የፍራሽ ማስታወቂያ

በስፌት ቤቱ ውስጥ ፊልሙን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቹ ከእሱ ይሰማሉ።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በእትዬ ትእዛዝ ነው። እትዬ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ለሐኪም ቤት ገዋን ያሰፋሉ፣ ራሳቸውም ይሰፋሉ። የስፌት መኪኖቹ ብርሃን እንዲያገኙ በሰፊው መስኮት ሥር ተደርድረዋል፤ ሰፊዎቹም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥኑ ያለው ከጀርባቸው፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ድሮ ከመስኮቱ ጎን ነበር። አንዲት ሰፊ ወደ ቴሌቪዥኑ ስታፈጥ መርፌው ጣቷን ከጨርቁ ጋር ከሰፋው በኋላ ግን እትዬ ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱት። «እዚህ ቤት ዓይን የስፌት ነው» አሉ። «ጆሯችሁን እንደፈለጋችሁ።»

ስለዚህ ፊት ለፊት የሚያየው ቆራጩ ብቻ ሆነ። ቆራጩ አንገተ ረጅም፣ ሰው ሲያየው ቃል የሚጠፋው ወጣት ነው። ደንበኛ ገብቶ «ገዋኔ ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱን የሚሰጠው ለጨርቁ ነው። ፊልም ሲተርክ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የእሱ ጀርባ ወደ ሴቶቹ፣ የሴቶቹ ጀርባ ወደ እሱ ስለሆነ ማንም አያየውም። በጠመኔ እያሰመረ፣ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበበ፣ መሃል መሃል የራሱን ጣል እያደረገ ይተርካል። ሲቆርጥ ብቻ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ሴቶቹ መቀሱ እስኪያርፍ ይጠብቃሉ።

«አሁን ደረጃውን እየወጣ ነው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። በሩ ግን ክፍት ነው።»

«ወይኔ! እንዳይገባ በለው!» ይላሉ እማማ ቁልፍ።

እማማ ቁልፍ እንዲህ የተባሉት የሚሰፋውን ልብስ ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ከእሳቸው ቀጥላ፣ በመስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው ወጣት ዚፕ ትባላለች። ስሙ የወጣላት ዚፕ በመግጠም የሚቀድማት ስለሌለ ነው ይባላል። እማማ ቁልፍ ግን «አፏ ስለማይዘጋ ነው እንጂ» ይላሉ።

ቆራጩ የሚተርከው ለሦስቱም ነው፤ የሚተርክበት ምክንያት ግን ዚፕ ናት። ያለ ፊልሙ ለእሷ «ኪሱ ተቆርጧል፣ ውሰጂ» ከማለት ያለፈ ነገር ተናግሮ አያውቅም። በፊልሙ ቀኑን ሙሉ ያወራታል። የት ላይ እንደሳቀች ያስታውስና በሚቀጥለው ቀን እንደዚያ ያለ ፊልም ይፈልጋል።

ወርሃዊ ክፍያው የሚወጣው ከእትዬ ኪስ ነበር። ይህን በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም ያመጣላቸው የእህታቸው ልጅ፣ ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያለው ስልክ ጠጋኝ ነው። «አክስቴ፣ እንደ ዲሹ አይደለም» አላቸው። «የፈለግሽውን በፈለግሽው ሰዓት ነው። ዋናው ደግሞ ማስታወቂያ የለውም።» እትዬን ያሳመናቸው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። በዲሹ ጊዜ ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ሲደርስ ሳሙና እየገባ አንገሽግሿቸው ነበር።

ፊልሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወንድና አንዲት ሴት በባቡር ጣቢያ ተገናኙ። ቆራጩ «ሻንጣዋን ጣለች። ሮጠች። እሱም ሮጠ። ደረሰባት» ካለ በኋላ ቆመ። የሚያየውን ለመናገር አፉን ከፈተ። ከኋላው ያሉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱ እናቶቹ ይሆናሉ፣ አንዷ ዚፕ ናት። አፉን መልሶ ገጠመ። ሙዚቃው ብቻ ይሰማ ነበር።

«እሺ? ደረሰባትና?» አሉ እማማ ቁልፍ።

«ማስታወቂያ ገባ» አለ ቆራጩ።

«ውይ! የምን?»

«የ... የሽቶ።»

እማማ ቁልፍ ከንፈራቸውን መጠጡና ክር ቀየሩ። ሙዚቃው አለቀ። «ተመለሰ» አለ ቆራጩ። «አሁን ታክሲ ውስጥ ናቸው።»

ከዚያ ወዲህ ከንፈር ከከንፈር በተገናኘ ቁጥር ማስታወቂያ ይገባል። አጭር ከሆነ የጥርስ ሳሙና ነው፤ ረዘም ካለ ሻምፖ። ነገሩ ወደ መኝታ ቤት ካመራ የፍራሽ ይሆናል። እማማ ቁልፍ በፍራሹ በጣም ይገረሙ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ፍራሽ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባቸው ምን ቢያደርጉት ነው?» ይላሉ። «የምን?» ብለው የሚጠይቁትም ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ዚፕ፣ ያቺ አፏ የማይዘጋው፣ ማስታወቂያ ሲባል «የምን?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። አንገቷን ደፍታ መኪናዋን ትረግጣለች። ቆራጩ ለዚህ በልቡ ያመሰግናታል።

እትዬ ምንም አይሉም ነበር። ነገሩን በሆዳቸው ይዘውት ቆይተው፣ አንድ ቀን የክፍያው መልእክት ስልካቸው ላይ ሲገባ ፈነዱ።

«ደግሞ ጨምሯል!» አሉ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው እያነበቡ። «እስቲ ለምን እንደምከፍል አንዳችሁ ንገሩኝ።»

«እትዬ፣ ሲኒማ ቤት ብንገባ እኮ የሚያስከፍሉን ለአንድ ፊልም ነው» አለች ዚፕ። «ይሄ ወሩን ሙሉ ነው።»

«ሲኒማ ቤት ስትገቢ አይተሽ ትወጫለሽ። እኛ ምን እናያለን? ግድግዳ!»

«መስኮት» አሉ እማማ ቁልፍ።

«እሺ፣ መስኮት። ያውም ከነማስታወቂያው። ሬዲዮ እኮ ማስታወቂያውን በነፃ ነው የሚነግረን። እኔ ከፍዬ ፍራሽ ይሸጡልኛል?»

«ሰዓቱ ይሄድልናል እኮ» አለች ዚፕ። «ፊልም ያለ ቀን ዚፕ መፍታት እንኳ አይሰለቸኝም።»

«ሰዓቱ ሳይከፈለውም ይሄዳል።»

እማማ ቁልፍ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ልብ ብላችኋል? ማስታወቂያ የሚያስገቡት ዋናው ላይ ሲደርስ ነው። ልጁ ልጅቷ ጋ ሲደርስ! ሆን ብለው ነው።»

«ተንኮለኞች» አሉ እትዬ። እዚያው የእህታቸው ልጅ ጋ ደውለው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንዲሰርዘው ነገሩት።

ቆራጩ ጀርባውን ሰጥቶ ሁሉንም ሰማ። ከእጁ ሥር ያለው መስመር ተጣምሞ አንዱን እጅጌ ከሌላው አሳጥሮት ነበር። በእጁ ጠርጎ አጠፋውና እንደገና አሰመረ። ማስታወቂያ የለም ቢል ታዲያ ምን ነበር ይሉታል። ዝም ቢል ፊልሙ ይቀራል፤ እሱም ወደ «ኪሱ ተቆርጧል» ይመለሳል። ሌላ መንገድ ያለ መሰለውና በማግስቱ ጠዋት ሰው የሌለበት ፊልም መረጠ። ፊልሙ በበረዶ ላይ ስለሚኖሩ ወፎች ነበር።

«አሁን ወፉ ቆሟል» አለ።

መኪኖቹ ለጥቂት ጊዜ ብቻቸውን ጮኹ።

«አሁንስ?» አሉ እማማ ቁልፍ።

«አሁንም ቆሟል።»

«ሌላ ወፍ የለም?»

«አለ። እሱም ቆሟል።»

«ጥጋበኛ ሁሉ!» አሉ እትዬ። «ለዚህ ነው የምከፍለው?»

ብዙ ከቆሙ በኋላ ሁለት ወፎች ተጠጋጉ። አንዱ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ሌላዋም ዝቅ አደረገች፣ ምንቃራቸውን አገናኙ። ቆራጩ ከልማድ የተነሣ ሳያስበው «ማስታወቂያ ገባ» አለ።

«በወፍም ላይ!» አሉ እትዬ። «በቃ፣ ዛሬውኑ ይቀራል!»

ከምሳ በኋላ ሰማዩ ከበደና ውጭው ጨለመ። እትዬ መብራት አበሩ። ስልክ ጠጋኙ ሲገባ ትከሻው ላይ የዝናብ ጠብታ ነበረበት። ፊልሙ ክፍት ነው፤ ቆራጩ የተረከው ነገር ስላልነበረ ግን ሰሚ አልነበረውም። ጠጋኙ በመቁረጫው ጠረጴዛና በመኪኖቹ መካከል ቆሞ የአክስቱን ስልክ ተቀበለ።

«ምን ሆንሽ አክስቴ? ሌላው ሰው በየቀኑ ግባልኝ ነው የሚለኝ፤ አንቺ አውጣልኝ?»

«ማስታወቂያ የለውም ብለህ አልነበር ያስገባህልኝ?»

«የለውማ።»

«አለው!»

«የለውም አክስቴ። አንቺ የምትከፍዪው የሌለበትን ነው። የሚረክሰው አለ፤ እሱ ነው ማስታወቂያ ያለበት።»

«እንግዲህ ውሸታሟ እኔ ነኛ! ሽቶ፣ ሻምፖ፣ ፍራሽ። ፍራሹማ ተነግሮ አያልቅም።»

ጠጋኙ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን ተመለከተ። ዓይኑ ቆራጩ ጀርባ ላይ አረፈ። «አንተ ነህ አይደል የምታየው? ማስታወቂያ አለው?»

ቆራጩ መቀሱን አነሣ። የሚቆርጠው ነገር ግን ከፊቱ አልነበረም።

«አለው» አለች ዚፕ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ከመኪናዋ ቀና አላለችም።

«አንቺ በምን አየሽው?» አሉ እትዬ።

«በመስኮቱ።»

በእትዬ በኩል ያለው መስኮት ተሰፍተው ባለቁ ገዋኖች የተሸፈነ ነው። እማማ ቁልፍ ከመርፌያቸው አልፎ አይታያቸውም። በዚፕ ጥግ ያለው መስታወት ግን ባዶ ነበር። ውጭው ጨለም ባለ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ቁልጭ ብሎ ይታይበታል፤ የቆራጩ ራስና ረጅም አንገቱም ከሥሩ።

«የምን ማስታወቂያ አየሽ?» አለ ጠጋኙ።

«የፍራሽ» አለች ዚፕ። ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም።

ቆራጩ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀላ። እሱ ያየውን ሁሉ እሷም አይታለች ማለት ነው፤ አይታም ለአንድም ሰው አልተነፈሰችም፤ አሁንም እንዳያፍር ብላ እየዋሸችለት ነው። ውሸቷ ደግሞ ፊልሙን ሊያሰርዘው ነው።

«ሰማህ?» አሉ እትዬ ለእህታቸው ልጅ። «ሁለት ምስክር አለኝ። ሰርዝ።»

«እንዳልሽ። አንዴ ከነካሁት ተመልሰሽ ስትገቢ ዋጋው ከዚህም ይበልጣል፤ ኋላ እንዳትይኝ። ልሰርዘው?»

«ሰርዘው አልኩህ እኮ!»

ጠጋኙ አውራ ጣቱን አነሣ።

«አትሰርዘው» አለ ቆራጩ።

ፊቱን አዙሮ ነበር የተናገረው። መቀሱ አሁንም በእጁ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ፊቱን አዙሮ ለሁሉም ሲናገር የመጀመሪያው ስለሆነ እማማ ቁልፍ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ማስታወቂያ የለውም» አለ። «እኔ ነኝ... ማስታወቂያ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?» አሉ እትዬ።

ቆራጩ ወለሉን አየ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቶበታል። «ይሳሳማሉ» አለ።

መኪኖቹ ሁሉ ቆመው ነበር። ዝናቡ መስታወቱን መታ መታ አደረገ።

«ሽቶውስ?» አሉ እማማ ቁልፍ።

«እሱም።»

«የጥርስ ሳሙናው?»

«እሱም።»

«ወፎቹ?»

«እነሱም... እንደዚያው ነገር።»

«ፍራሹስ?»

ቆራጩ መቀሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ፍራሹን ተዪው» አሉ እትዬ።

መጀመሪያ የሳቀው ጠጋኙ ነው። እማማ ቁልፍ ግን አልሳቁም፤ ከልባቸው ተቆጡ። «እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ዋናው ዋናው ቀርቶብኛል ማለት ነው? እኔ እኮ ያቺ የባቡር ጣቢያዋ ልጅ አብራው ታክሲ ውስጥ ምን ትሠራለች እያልኩ እስካሁን አስባለሁ!»

«አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ» አሉ እትዬ።

«ዕድሜዬ ምን ሆነ? ጆሮዬ ይሰማል።»

እትዬ መኪናቸው ላይ ያለውን ገዋን አለሰለሱት፣ አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት። የተታለሉ መሆናቸው አብግኗቸዋል፤ ያታለላቸው ሰው ግን ጆሮው እንደ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ፊታቸው ቆሟል። የእህታቸውን ልጅ «ስልኬን አምጣ» አሉት።

«ልሰርዘው ወይስ ይቆይ?»

«ማስታወቂያ ከሌለው ለምን ይሰረዛል? ይቆይ።» ከዚያ ወደ ቆራጩ ዞሩ። «አንተም ስማ። እዚህ ቤት ደንበኛ ይገባል፣ የተማሪ ወላጅ ይገባል። እንደለመድከው ቀጥል። ማስታወቂያ ሲሆን ማስታወቂያ በል። እኛ እንግባባለን።»

«እኔ አልስማማም» አሉ እማማ ቁልፍ።

«አንቺ ክፈዪና ያልሽው ይሁን።»

እማማ ቁልፍ ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ። ጠጋኙ እየሳቀ፣ ራሱን በላስቲክ ሸፍኖ ወጣ።

ቆራጩ ወፎቹን አጥፍቶ ባለፈው ሳምንት ካቋረጡት ላይ ቀጠለ። ሰውየው ከረጅም ጉዞ ተመልሶ የሴትየዋን በር እያንኳኳ ነበር። አንድ ኪስ አሰመረ፣ ሁለተኛውን አሰመረ።

«ከፈተችለት። ዝም ብላ አየችው። ዝናብ አበስብሶታል። ግባ አለችው። ገባ። ኮቱን ተቀበለችው።» ጠመኔው ቆመ። «ማስታወቂያ ገባ።»

እማማ ቁልፍ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። በእትዬ ፊት አልጠይቅም ብለው ይሆናል፣ «የምን?» አላሉም። የእትዬ መኪና ከወትሮው ጠንከር ብላ መጮህ ጀመረች።

«የምን?» አለች ዚፕ።

ቆራጩ ጠመኔውን አስቀመጠና ዞረ። ዚፕ ፊቷን አላዞረችም፤ የቤቱን ሕግ አክብራ ወደ መስኮቱ እንዳየች ነበር። እጆቿ ግን አይሰፉም። በመስታወቱ ውስጥ ከፊልሙ ዝቅ ብላ እሱን ነበር የምታየው፤ እሱም እዚያው አገኛት።

«የሽቶ» አለ።

ሳቀች። በዚያች ቅጽበት የሚቆርጠውም የሚያሰምረውም ነገር ትዝ አላለውም።

«የእኔ ልጅ፣ ገዋኑ ነገ ይፈለጋል» አሉ እትዬ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ።

ከበላዩ ማስታወቂያው ካለቀ ቆይቶ፣ ሰውየውና ሴትየዋ ጠረጴዛ ከበው ማውራት ጀምረው ነበር። ያንን ግን ለማንም አልነገረም።